ተጠየቅ በዌስትሚንስተር

ዕለቱ ረቡዕ ነው፤ ሐምሌ 21 ቀን 1946 ዓ.ም.፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጁላይ 28 ቀን 1954። ለንደን በሚገኘው የዌስትሚንስተር ቤተ መንግሥት፣ በታችኛው ምክር ቤት አዳራሽ፣ የቅኝ ግዛቶች ጉዳይ ሚኒስትር ዴኤታው ሄንሪ ሆፕኪንሰን ሚኒስትሮች ከሚናገሩበት የእንጨት ሣጥን ፊት ቆመው መግለጫ ያነባሉ። ጉዳዩ ቆጵሮስ ነው። ደሴቲቱ አዲስ ሕገ መንግሥት ሊወጣላት ነው። ሕግ አውጪ ምክር ቤትም ይኖራታል፤ ሆኖም ሕዝቡ የሚመርጣቸው አባላት ከባለሥልጣናቱና በሹመት ከሚገቡት በቁጥር ያንሳሉ። ሉዓላዊነቷ ከብሪታንያ እጅ ይወጣል ብሎ ማሰብ ግን አይቻልም። መግለጫው በጥንቃቄ የተጻፈ፣ ብዙ እጅ ያለፈበት ነበር። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ደኅና ነው።

ከተቃዋሚዎች ወንበር ጄምስ ግሪፍትስ ተነሡ። ግሪፍትስ በወጣትነታቸው በዌልስ የድንጋይ ከሰል ጉድጓድ ውስጥ የሠሩ፣ ኋላም በሌበር መንግሥት ከ1950 እስከ 1951 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ራሳቸው የቅኝ ግዛት ሚኒስትር የነበሩ ሰው ናቸው። የጠየቁት ነገር በመግለጫው ውስጥ አልነበረም። ቆጵሮስ እንደ ሌሎቹ የኮመንዌልዝ አገሮች አንድ ቀን ስለ ዕድሏ ራሷ ልትወስን ትችላለች ወይ? ሆፕኪንሰን መለሱ፤ ካሉበት ልዩ ሁኔታ የተነሣ ሙሉ ነጻነትን ፈጽሞ ሊጠብቁ የማይችሉ ግዛቶች በኮመንዌልዝ ውስጥ እንዳሉ ሁልጊዜም የታወቀና ስምምነት ያለበት ነገር ነው አሉ። አዳራሹ ተንጫጫ። ሰውየው ወዲያው ሊያለሳልሱት ሞከሩ፤ ለዛሬ ያን ያህል ርቀው እንደማይሄዱ፣ ያሉት የብሪታንያ ሉዓላዊነት እንደሚቀጥል ብቻ እንደሆነ አከሉ። አልረዳቸውም። «ፈጽሞ» የምትለው ቃል ወጥታለች፤ ጸሐፊዎቹም ይዘዋታል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

ሆፕኪንሰን በዲፕሎማትነት ብዙ ዓመት ያገለገሉ፣ ቃል መመዘን ሥራቸው የነበረ ሰው ናቸው። የጣላቸው ያነበቡት ወረቀት አልነበረም። የጣላቸው ወረቀት ያልተዘጋጀለት አንድ ደቂቃ ነው። ያንን ደቂቃ የሚፈጥረው መሣሪያ የፓርላማ ጥያቄ ይባላል። ከውጭ ሲያዩት ቀላል፣ አንዳንዴም አሰልቺ ሥርዓት ይመስላል። የብሪታንያ ግዛት ሲፈርስ ግን የብዙ አገሮች ዕጣ በዚህ ሥርዓት ውስጥ አልፏል።

የእኛ አገር አንባቢ ነገሩን ለመገመት ሩቅ መሄድ የለበትም። በድሮው ሙግት ከሳሽና ተከሳሽ ዛፍ ጥላ ሥር ቆመው «ተጠየቅ!»፣ «ልጠየቅ!» እየተባባሉ ይሟገቱ ነበር። በበላ ልበልሃ ጊዜ ተመልካቹ የሚጠብቀው የነገሩን እውነት ብቻ አልነበረም፤ የሚሰናከለው ማን እንደሆነም ይጠብቃል። በዌስትሚንስተርም ያው ነው። ልዩነቱ እዚያ ተጠያቂው ለመመለስ በሕግ አለመገደዱ ነው። ሚኒስትሩ «ይህን ለመመለስ አልችልም» ብሎ መቀመጥ ይችላል። ያኔ ግን ዝምታው ራሱ መልስ ሆኖ ይጻፍበታል።

የመጀመሪያው ተመዝግቦ የተገኘ ጥያቄ የቀረበው በ1721 በላይኛው ምክር ቤት፣ በሎርዶቹ ዘንድ ነው። የሳውዝ ሲ ኩባንያ ኪሳራ አገሩን ያናወጠበት ወቅት ነበር፤ የኩባንያው ዋና ገንዘብ ያዥ ሮበርት ናይት ኮብልሎ ነበርና ሎርድ ካውፐር «ተይዟል የሚባለው እውነት ነው ወይ?» ብለው መንግሥትን ጠየቁ። ነገሩ የጀመረው እንግዲህ በጠፋ ገንዘብ ያዥ ነው። ሥርዓቱ ሙሉ ቅርጽ እስኪይዝ ከመቶ ዓመት በላይ ወስዷል።

አሠራሩን በ1950ዎቹ እንደነበረው እንየው። የጥያቄው ጊዜ ከሰኞ እስከ ሐሙስ ነው። ከጸሎት በኋላ፣ በእኛ ሰዓት ከቀኑ ስምንት ተኩል ካለፈ ይጀመርና ዘጠኝ ተኩል ላይ ያበቃል። አባሉ ጥያቄውን አስቀድሞ በጽሑፍ ያስገባል። በቃል እንዲመለስለት ከፈለገ ከጎኑ ኮከብ ያደርግበታል፤ ኮከብ የሌለው በጽሑፍ ይመለሳል። ጥያቄዎቹ ቁጥር ተሰጥቷቸው በዕለቱ የሥራ ዝርዝር ላይ ይታተማሉ። አፈ ጉባኤው ስሙን ሲጠራ አባሉ ይነሣና ቁጥሩን ብቻ ይናገራል፤ ጥያቄውን አያነብም፣ ሁሉም እጅ ላይ አለና። ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶቹ በተራ ስለሚጠየቁ የቅኝ ግዛት ሚኒስቴር በየዕለቱ ከላይ አይመጣም። ተራው ደርሶ ሰዓቱ ካለቀ የቀረው ጥያቄ በጽሑፍ ይመለሳል።

ጥያቄውን የሚቀበሉት የምክር ቤቱ ጸሐፊዎች ደግሞ ወንፊት ናቸው። ጥያቄ መረጃ መፈለግ ወይም እርምጃ እንዲወሰድ መገፋፋት አለበት። ንግግር መሆን የለበትም፤ ክርክር አይሸከምም፤ ፍርድ ቤት የያዘውን አይነካም፤ «እንዲህ ቢሆንስ?» የሚል ግምትም አይቀበሉም። ከሁሉም በላይ ሚኒስትሩ ኃላፊ የሆነበት ጉዳይ መሆን አለበት። ይህች የመጨረሻዋ ደንብ ትንሽ ትመስላለች፤ በኋላ እንመለስባታለን።

በዝርዝሩ ላይ የታተመው ጥያቄ መንደርደሪያ ነው። «የቅኝ ግዛት ሚኒስትሩ በቆጵሮስ ስላለው ሁኔታ መግለጫ ይሰጡ እንደሆን» የሚል ለስላሳ ዐረፍተ ነገር ይገባል፤ ሚኒስትሩም የተዘጋጀለትን ለስላሳ መልስ ያነባል። ከዚያ የሚመጣው ተከታይ ጥያቄ ነው፤ እሱ አስቀድሞ አይነገርም። ጨዋታው ያለው እዚያ ላይ ነው። የሚኒስቴሩ ሠራተኞችም ይህን ስለሚያውቁ ጥያቄው በገባ ማግሥት ይሯሯጣሉ። ስለ ኬንያ ከሆነ ቴሌግራም ወደ ናይሮቢ ይላካል፤ ስለ ቆጵሮስ ከሆነ ወደ ኒቆስያ። የገዢው መሥሪያ ቤት ረቂቅ መልስ ይልካል፤ ለንደን ያርመዋል። በሚኒስትሩ መዝገብ ውስጥ ከዋናው መልስ ኋላ «ይህን ቢሉ ይህን ይበሉ» የሚሉ ማስታወሻዎች ይደረደራሉ። አንድ መስመር ጥያቄ ባሕር ማዶ ያለ መሥሪያ ቤትን ሙሉ ያንቀሳቅሳል ማለት ነው። በቅኝ ግዛት የተቀመጠ ባለሥልጣን ከአለቃው ይልቅ የፓርላማ ጥያቄን ይፈራ ነበር ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም።

መልሱ ደግሞ ነፋስ አይወስደውም። ዊልያም ኮቤት በ1803 የጀመሩት፣ ኋላ አታሚው ቶማስ ሃንሳርድ የገዙትና ስማቸውን ያወረሱት መዝገብ አለ። ከ1909 ጀምሮ ሃንሳርድ የምክር ቤቱ ይፋዊ ቃለ ጉባኤ ሆኖ የተባለውን ሁሉ ይይዛል። መልሱ ያላረካው አባል «ጉዳዩን በዕለቱ መዝጊያ አነሣዋለሁ» ብሎ ማስጠንቀቅ ይችላል፤ ያኔ ምክር ቤቱ ሊበተን ሲል የግማሽ ሰዓት ክርክር ያገኛል። አዳራሹ ያን ጊዜ ባዶ ሊሆን ይችላል። ሃንሳርድ ግን አለ።

ወደዚያ ረቡዕ እንመለስ። ብሪታንያ ቆጵሮስን ማስተዳደር የጀመረችው በ1878 ከኦቶማን መንግሥት ተቀብላ ነው፤ በ1914 ጠቀለለቻት፤ በ1925 የዘውድ ቅኝ ግዛት አደረገቻት። በ1931 ሕዝቡ ተነሥቶ የገዢውን ቤት ሲያቃጥል የነበረው ሕገ መንግሥት ታገደ። ከአምስቱ የደሴቲቱ ነዋሪዎች አራቱ ግሪኮች ነበሩ፤ ቀሪዎቹ በአብዛኛው ቱርኮች። ግሪኮቹ የሚመኙት ኤኖሲስን፣ ከግሪክ ጋር መቀላቀልን ነው። በጃንዋሪ 1950 ቤተ ክርስቲያኒቱ ባዘጋጀችው ሕዝበ ውሳኔ ድምፃቸውን ከሰጡት 96 በመቶው ገደማ ለኤኖሲስ ፈረሙ። በዚያው ዓመት ማካሪዮስ ሦስተኛ ሊቀ ጳጳስ ሆነው ተመረጡ። እሳቸው በደሴቲቱ የመንፈስም የፖለቲካም አባት ነበሩ።

ብሪታንያ ለምን ጸናች? ከስዊዝ ሰፈሯ ለመውጣት ከግብፅ ጋር የተስማማችው በዚያው ሳምንት ነው። ጦሯ ከግብፅ ወጥቶ የሚያርፍበት መሬት ያስፈልገዋል፤ ቆጵሮስ ቅርብ ናት። በሥልጣን ላይ የነበረው የወግ አጥባቂው ፓርቲ የኋላ ወንበር አባላት ግብፅን ለቀቃችሁ ብለው ተቆጥተዋል። ሆፕኪንሰን «ፈጽሞ» ሲሉ ፊታቸው ለግሪፍትስ ቢሆንም ጆሯቸው ከኋላቸው ለተቀመጡት ወገኖቻቸው ነበር ብሎ መጠርጠር ይቻላል። በማታው ክርክር ከቅኝ ግዛት ሚኒስትርነት ሊሰናበቱ የነበሩት ኦሊቨር ሊተልተን ጨመሩበት፤ ደሴቲቱን ወዳጅ ቢሆንም ላልተረጋጋ መንግሥት ማስረከብ ጥፋት ነው አሉ። «ያልተረጋጋ» የተባለችው ግሪክ ነበረች። በአንድ ቀን ሁለት ዓረፍተ ነገር፤ አንዱ ቆጵሮስን አስቆጣ፣ ሌላው አቴናን።

ግሪክ በኦገስት ጉዳዩን ወደ የተባበሩት መንግሥታት ወሰደች። ማካሪዮስ በዚያው ወር ኒቆስያ በሚገኘው የፋኔሮሜኒ ቤተ ክርስቲያን ከሕዝባቸው ጋር ማሉ። ኤፕሪል 1 ቀን 1955 ኢዮካ የተባለው ድርጅት በኮሎኔል ግሪቫስ መሪነት ቦምብ ማፈንዳት ጀመረ። ያች ቃል ባትነገር ኖሮ ጦርነቱ አይነሣም ነበር ማለት የዋህነት ነው፤ ግሪቫስ የጦር መሣሪያ ማዘጋጀት የጀመረው ከዚያ በፊት ነው። «ፈጽሞ» ግን ለሽምቅ ተዋጊው ያላሰበውን ስንቅ ሰጠችው። ልመናና ፊርማ የትም አያደርስም ብሎ ለሚሰብክ ሰው ከራሱ ከመንግሥት አፍ የወጣ ማስረጃ ሆነችለት።

ሆፕኪንሰን ራሳቸው በ1955 መጨረሻ ከሥልጣን ወረዱ፤ በማግሥቱ ዓመት ሎርድ ኮሊተን ተብለው ወደ ላይኛው ምክር ቤት ተዛወሩ። ቃሏ ግን ከእሳቸው ጋር አልሄደችም። የሌበር አባላት እንደ ቀንድ ይዘዋት ለዓመታት የሊተልተንን ተተኪ አለን ሌኖክስ-ቦይድን ወጉባት፦ «ፈጽሞ ማለት አሁንም ፈጽሞ ነው ወይ?» መንግሥትም መልሱን ትንሽ በትንሽ አሻሻለ። መጀመሪያ የራስን ዕድል በራስ መወሰን የሚባለው መርሕ ተቀባይነት አለው ተባለ፤ ቀጥሎ ለጊዜው ግን ተግባራዊ አይሆንም ተባለ። ከአንድ ቃል ለመሸሽ ያን ያህል ዓረፍተ ነገር አስፈለገ።

ይህ ሁሉ ሲሆን በደሴቲቱ ፊልድ ማርሻል ሃርዲንግ ገዢ ሆነው መጥተው በኖቬምበር 1955 የአስቸኳይ ጊዜ አውጀዋል። ማካሪዮስ በማርች 1956 ተይዘው ወደ ሲሸልስ ተጋዙ። (ሲሸልስ ለዚህ አዲስ አልነበረችም፤ የአሻንቲው ንጉሥ ፕሬምፔና የቡኞሮው ካባሌጋም በዘመናቸው ተግዘውባታል።) ከሰው ጋር እየተደራደሩ ማሰር ምን ይባላል የሚለው ጥያቄ በምክር ቤቱ ሳምንታት ፈጀ። ማካሪዮስ ከዓመት በኋላ ተለቀቁ፤ ወደ ደሴቲቱ እንዳይገቡ ግን ተከለከሉ።

በምክር ቤቱ የሚነገረው ሁሉ ከአፍ ያመለጠ አይደለም። ዲሴምበር 19 ቀን 1956 ሌኖክስ-ቦይድ የሎርድ ራድክሊፍን የሕገ መንግሥት ሐሳብ ይዘው ቀረቡ። ራድክሊፍ በ1947 ሕንድንና ፓኪስታንን የለየውን መስመር ያሰመሩት ያው ሰው ናቸው። ሚኒስትሩ ሐሳቡን ሲያቀርቡ ታስቦበት የገባ አንድ ዓረፍተ ነገር አከሉ፤ ወደፊት የራስን ዕድል መወሰን ቢመጣ የቱርኩ ማኅበረሰብም ከግሪኩ ባላነሰ ለራሱ የመወሰን ነጻነት ይኖረዋል አሉ። በሌላ አነጋገር ደሴቲቱ ልትከፈል ትችላለች። ለእኔ ይህች ዓረፍተ ነገር ከ«ፈጽሞ» የበለጠ ከባድ ናት። ያች ስትነገር አዳራሹ ጮኸ፤ ይህች ግን ጨዋ መስላ አለፈች። አንካራ ግን ሰምታታለች።

ጠያቂዎቹ እነማን ነበሩ? ቆጵሮሳዊ አንድም የለበትም። በዚያ አዳራሽ ከ600 በላይ አባላት ሲቀመጡ ከቅኝ ግዛቶቹ የተላከ ሰው አልነበረም። (ማልታ በ1956 ሦስት ወንበር ሊሰጣት ተቃርቦ ሕዝበ ውሳኔም አድርጋበት ነበር፤ ሳይሆን ቀረ።) ስለዚህ ባለጉዳዩ አፍ መዋስ ነበረበት። የለንደኗ ሴንት ፓንክራስ እንደራሴ ሊና ጄገር ስለ ቆጵሮስ ደጋግመው ከጠየቁት አንዷ ናቸው፤ በካምደን ታውን ካፌና ልብስ ስፌት የከፈቱ ቆጵሮሳውያን የምርጫ ክልላቸው ጎረቤቶች ነበሩ። ፌነር ብሮክዌይ ደግሞ ስለ አፍሪካ ከመጠየቃቸው ብዛት የአፍሪካ እንደራሴ እስከ መባል ደረሱ። ከናይሮቢ፣ ከሉሳካ፣ ከአክራ የሚመጣ ደብዳቤ በእነዚህ ሰዎች ጠረጴዛ ላይ ጥያቄ እየሆነ ይወጣ ነበር።

አባል ሳይሆኑ የሚያስጠይቁም ነበሩ። ለኢትዮጵያውያን የምትቀርበው ሲልቪያ ፓንክረስት አንድ ቀን እንኳ በዚያ ምክር ቤት አልተቀመጠችም። ግን በ1936 «ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ» የተባለውን ጋዜጣ ካቋቋመች ጀምሮ እንደራሴዎችን በደብዳቤና በመረጃ እየወተወተች ስለ ኢትዮጵያ እንዲጠይቁ ታደርግ ነበር። ከጣሊያን መባረር በኋላ የብሪታንያ ጦር አስተዳደር በኦጋዴንና በኤርትራ መቆየቱን የተቃወመችው በዚሁ መንገድ ጭምር ነው። ዛሬ አጽሟ ያረፈው አዲስ አበባ፣ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ነው።

የዌስትሚንስተር ጥያቄ አዲስ አበባን በቀጥታ የነካበት ጊዜም አለ። በኖቬምበር 1954 በተፈረመው ስምምነት ብሪታንያ ሐውድንና የተከለለው አካባቢ የሚባለውን መሬት ለኢትዮጵያ አስተዳደር ልትመልስ ተስማማች፤ ርክክቡ ለፌብሩዋሪ 28 ቀን 1955 ተቆረጠ። ለአዲስ አበባ ይህ ዳግማዊ ምኒልክ በ1897 ከብሪታንያው መልእክተኛ ሮድ ጋር የተዋዋሉት ወሰን መከበር ነው። በብሪታንያ ሶማሌላንድ ላሉ አርብቶ አደሮች ግን ግጦሻቸው ሳይጠየቁ ወደ ሌላ እጅ መሄዱ ነበር። የሶማሌዎቹ ልዑካን ለንደን ድረስ መጡ፤ እንደራሴዎችም መንግሥትን አፋጠጡ። ሌኖክስ-ቦይድ የመለሱት መልስ በታሪክ ጸሐፊዎች ተደጋግሞ ይጠቀሳል፤ የ1897ቱን ውል እንደ ሌሎቹ ሁሉ እንደሚጸጸቱበት፣ የሆነውን እንዳልሆነ ማድረግ ግን እንደማይቻል ተናገሩ። ጸጸቱ ለሶማሌዎቹ፣ አይቻልም ማለቱ ለኢትዮጵያ ነበር። አንድ መልስ ለሁለት አድማጭ መቁረስ ማለት ይህ ነው።

ከአምስት ዓመት በኋላ ደግሞ የብሪታንያ ሶማሌላንድ ነጻ ወጥታ ከጣሊያኗ ሶማሊያ ጋር ልትዋሐድ ስትል «ታላቋ ሶማሊያ» የሚለው ሐሳብ አዲስ አበባን አሳሰበ። በኤፕሪል 1960 ጠቅላይ ሚኒስትር ሃሮልድ ማክሚላን ለምክር ቤቱ በሰጡት ቃል መንግሥታቸው የፈረንሳይ ሶማሌላንድን፣ የኬንያንና የኢትዮጵያን የግዛት አንድነት የሚነካ የይገባኛል ጥያቄን እንደማያበረታታና እንደማይደግፍ አሳወቁ። በአምባሳደር በኩል ቢላክ ምሥጢር ሆኖ የሚቀር ደብዳቤ ነበር። በምክር ቤቱ ሲነገር ግን መንግሥት ቢለወጥም የሚጠቀስ ሰነድ ሆነ።

አንዳንድ ጊዜ ጥያቄው መንግሥትን ከወንበሩ ያንገዳግደዋል። ማርች 3 ቀን 1959 በኬንያ ሆላ በተባለው እስር ቤት 11 እስረኞች ተደብድበው ሞቱ። መጀመሪያ የተሰጠው መግለጫ ውኃ ጠጥተው ሞቱ የሚል ነበር። በዚያው ዕለት በኒያሳላንድ፣ በዛሬዋ ማላዊ፣ የአስቸኳይ ጊዜ ታውጆ ዶክተር ሄስቲንግስ ባንዳ ታሰሩ። የሌበር እንደራሴዋ ባርባራ ካስልና ጓደኞቻቸው የውኃውን ወሬ በጥያቄ እየመረመሩ አፈረሱት። ጁላይ 27 ሌሊት የራሱ የመንግሥት ፓርቲ አባል ኢኖክ ፓወል ተነሥተው በአፍሪካ ሌላ መለኪያ፣ በአገር ቤት ሌላ መለኪያ ሊኖረን አይገባም ሲሉ ወቀሱ። በማግሥቱ መንግሥት ጉዳዩን እንዲያጣራ ያቋቋመው የዴቭሊን ኮሚሽን ኒያሳላንድን የፖሊስ አገር ሲል የገለጸበት ዘገባ ለክርክር ቀረበ። ሚኒስትሩ ሌኖክስ-ቦይድ በቦታቸው ቆዩ፤ በኦክቶበሩ ምርጫ ማግሥት ግን በኢያን ማክላውድ ተተኩና የነጻነቱ ጉዞ ተፋጠነ።

አሁን ወደዚያች ትንሽ ደንብ እንመለስ፤ ጥያቄ ሚኒስትሩ ኃላፊ በሆነበት ጉዳይ ብቻ መሆን አለበት የምትለዋ። ትክክል ትመስላለች። አንድ ቅኝ ግዛት የራሱን አስተዳደር ሲያገኝ ለንደን ላይ መጠየቅ ማቆሙ ተገቢ ነው። ችግሩ አስተዳደሩ በማን እጅ እንደገባ ደንቧ አለመጠየቋ ነው። ደቡብ ሮዴዥያ በ1923 ራስን የማስተዳደር ሥልጣን አገኘች፤ ሥልጣኑን የያዙት ግን ጥቂት ነጭ ሰፋሪዎች ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ስለ ውስጥ ጉዳይዋ የሚጠይቅ እንደራሴ «ይህ የግርማዊነታቸው መንግሥት ኃላፊነት አይደለም» እየተባለ ይመለስ ነበር። ሰሜን አየርላንድም በዚያው ዓመት ተመሳሳይ ዕጣ ደረሳት፤ ወደ ቤልፋስት ስለተላለፈ ጉዳይ ለንደን ላይ አይጠየቅም ተባለ። በሁለቱም ቦታዎች ዝምታው ምን እንዳስከተለ ታሪክ ያውቃል።

ጥያቄ ለመግለጥ ብቻ ሳይሆን ለመሸፈንም ያገለግላል። ሚኒስትር አንድ ነገር ያለ ጫጫታ ማስታወቅ ሲፈልግ ወዳጅ አባል ፈልጎ ጥያቄ ያስገባለታል፤ መልሱም በጽሑፍ ይወጣል፤ ተከታይ ጥያቄ የለም፣ ጩኸት የለም። ኖቬምበር 8 ቀን 1965 የሌበር መንግሥት የቻጎስን ደሴቶች ከሞሪሺየስ ቆርጦ የብሪታንያ የሕንድ ውቅያኖስ ግዛት የተባለ አዲስ ቅኝ ግዛት ፈጠረ፤ ሥራው ያለቀው በንግሥቲቱ የአማካሪዎች ጉባኤ ትእዛዝ ነው። ምክር ቤቱ የሰማው ከሁለት ቀን በኋላ፣ በቅኝ ግዛት ሚኒስትሩ አንተኒ ግሪንውድ የጽሑፍ መልስ ነው። ከዚያ በኋላ ዲየጎ ጋርሲያ ላይ የአሜሪካ ጦር ሰፈር ሊሠራ ከሺህ በላይ ነዋሪዎች እስከ 1973 ድረስ ከደሴቶቹ ተነቀሉ። ስለ «ፈጽሞ» የጮኸው ፓርቲ ያው ነበር። ወንበር ሲለወጥ ጠያቂ ተጠያቂ ይሆናል፤ ተጠያቂ የሆነም መሸሸጊያውን ከጠያቂነቱ ዘመን ያውቀዋል።

የቆጵሮስ ጉዳይ በመጨረሻ የተቋጨው በምክር ቤቱ ውስጥ አልነበረም። በፌብሩዋሪ 1959 የግሪክና የቱርክ ጠቅላይ ሚኒስትሮች ዙሪክ ላይ ተስማሙ። የቱርኩ አድናን ሜንደሬስ ወደ ለንደን ሲመጡ አውሮፕላናቸው ጋትዊክ አጠገብ ተከስክሶ በተአምር ተረፉ፤ ስምምነቱንም ሐኪም ቤት ተኝተው ፈረሙ። ፕሬዚዳንቱ ግሪክ፣ ምክትሉ ቱርክ፤ በምክር ቤቱ 35 ወንበር ለግሪክ፣ 15 ለቱርክ፤ የመንግሥት ሥራ ሰባት እጅ ለሦስት፣ ሠራዊቱ ስድስት እጅ ለአራት። ያን ሁሉ ዓመት በቆጵሮስ ስም ሲጠየቅና ሲመለስ ተኖሮ የቆጵሮስ ሕዝብ ለዚህ ሕገ መንግሥት ድምፅ ስጥ አልተባለም። ሕገ መንግሥቱ ሦስት ዓመት ከጥቂት ወራት ብቻ ሠርቶ በዲሴምበር 1963 በደም ተሰበረ፤ በ1974 ደሴቲቱ ለሁለት ተከፈለች።

ነጻነቱ የታወጀው ኦገስት 16 ቀን 1960 ነው፤ ከ«ፈጽሞ» ስድስት ዓመት ከ19 ቀን በኋላ። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ከሲሸልስ የተመለሱት ማካሪዮስ ሆኑ። ብሪታንያ ግን አክሮቲሪና ዴኬሊያ የተባሉትን ሁለት የጦር ሰፈሮች አስቀረች። ሁለቱ አንድ ላይ 254 ካሬ ኪሎ ሜትር፣ የደሴቲቱ ሦስት በመቶ ያህል ናቸው፤ ዛሬም የብሪታንያ ሉዓላዊ ግዛት ናቸው። የቅኝ ግዛት ሚኒስቴር የሚባል መሥሪያ ቤት በ1966 ቀርቷል። ስለ ሰፈሮቹ መጠየቅ የሚፈልግ እንደራሴ አሁን ጥያቄውን የሚያስገባው ለመከላከያ ሚኒስትሩ ነው።